መምህርቷ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና ሕግ ወደ ጀውሃ የወረደበት መንገድ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሲነገር የኖረው ስለ ጓዳ ወግ ብቻ አልነበረም፤ የአደባባዩንም ልማድ ያሳይ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ሴት ርስት ስትወርስ፣ በዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት፣ አልፎ ተርፎም አገር ስታስተዳድር ታይታለች። በሕዝብ ድምፅ ተመርጣ ሕግ ከሚመከርበት ሸንጎ መቀመጥ ግን እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ አልተለመደም። ይህን ልማድ የለወጡት የመጀመሪያዋ ተመራጭ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» መሆናቸው ነው። ቀዳሚነታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀዳሚነት ብቻውን የአንድን ሕግ አውጪ ሥራ አይመዝንም። ሕግ አውጪ የሚመዘነው የተሟገተለት ጉዳይ ከምክር ቤቱ በር ወጥቶ የት ድረስ እንደሄደ በማየት ነው። ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ በቂ ሚዛን አይሆንም፤ ሕጉ የሚጻፍበት ከተማ ነውና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ መለኪያ የተመረጠው ቦታ በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን የሚገኘው ጀውሃ ነው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና በጀውሃና በሰንበቴ በኩል ወደ አጣዬና ከሚሴ ይዘልቃል። ወይዘሮ ስንዱ ባስተማሩበት በደሴና ሕግ በመከሩበት በአዲስ አበባ መካከል ያለው መንገድ ይኸው ነው። ጀውሃ የሁለቱም ከተሞች ያልሆነ፣ ገበሬና ነጋዴ፣ ክርስቲያንና እስላም፣ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኙበት የመንገድ ዳር አገር ነው። በዋና ከተማ የታወጀ ነገር ሁሉ እዚያ ይደርሳል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲደርስም መልኩ ይለወጣል።

የትምህርትና የግዞት ዓመታት

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ የአውሮፓን ትምህርት ከቀመሱት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ሴት ልጅን ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር ባልታሰበበት ጊዜ ልጆቻቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ሰደዱ። ስንዱም በልጅነታቸው ሄደው በፈረንሳይኛ ቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ሠለጠኑ፤ ከኢጣሊያ ወረራ በፊትም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወረራው በደረሰ ጊዜ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቀኑ። በዚያ ተሰባስበው የነበሩት የተማሩ ወጣቶችና መኮንኖች የጥቁር አንበሳን ማኅበር ባቋቋሙበት ጊዜ ከአርበኞቹ ጎን ተሰለፉ። በመጨረሻ በጠላት እጅ ወደቁ፤ እንደ ብዙዎቹ የአገር ልጆችም ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። የአዚናራ ግዞተኞች ታሪክ በአብዛኛው የመሳፍንትና የመኳንንት ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ ከእነርሱ መካከል ሴቶችና ሕፃናትም እንደ ነበሩ ግን መዘንጋት አይገባም።

ከነፃነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የመረጡት ሥራ መምህርነት ነው። በደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አገልግለዋል። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነንም እናት ስለ ነበሩ፣ መምህርቷ የእናትና የልጅን ስም በያዙ ሁለት ትምህርት ቤቶች ማገልገላቸው ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የተከፈተ ሲሆን፣ ወይዘሮ ስንዱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተሩ ሆኑ። ተውኔትና ግጥምም ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ሥራቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል።

ይህ ሁሉ ለምክር ቤቱ ሥራ መሰናዶ ነበር ማለት ይቻላል። የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሕግ በቤተሰብ ላይ የሚያደርገውን ከማንም ቀድማ ታያለች። ዛሬ መዝገብ ላይ ያለችው ተማሪ በሚቀጥለው መስከረም ትቀራለች፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ተድራለች» ይባላል። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ችግር ቢመስልም መፍትሔው ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ነው። ልጅቱ ስንት ዓመት ሲሞላት ትዳራለች፣ ፈቃዷ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም፣ ከተዳረች በኋላ በቤቷ ላይ ምን ሥልጣን አላት የሚሉት ጥያቄዎች የሚወሰኑት በሕግ ነው።

ምርጫውና ሸንጎው

በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያው ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጥ ነበር። ይህ «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ፈጀ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመምረጥ መብት አገኘ። አገሪቱ እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንድትከፈልና ከየክልሉ ሁለት እንደራሴዎች እንዲመረጡ ተደነገገ። ከሠላሳ ሺህ ሕዝብ በላይ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው እንደራሴ ይልካል። የፖለቲካ ድርጅት አልነበረም። ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ክልል ነዋሪ መሆንና በሕግ የተወሰነ ሀብት ያለው መሆን ነበረበት።

የዚህ ድንጋጌ ውጤት በሁለቱ ቦታዎች እጅግ የተለያየ ነበር። አዲስ አበባ በሕዝቧ ብዛት ምክንያት የራሷ እንደራሴዎች ነበሯት፤ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚልክ መራጭም ነበራት። በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ቆላ ያለው መራጭ ግን ድምፁን የሚሰጠው በሰፊ የገጠር ክልል ውስጥ ሆኖ ነው። የሀብት መመዘኛው ጢሰኛውን ከተወዳዳሪነት ሲያርቅ፣ በባሏ ስም የምትኖረውን ሴት ደግሞ በእጥፍ አራቃት። ስለዚህ ሴት እንደራሴ ከአዲስ አበባ እንጂ ከጀውሃ አለመምጣቷ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም፤ ሕጉ ራሱ የከፈተው በር የት ቦታ እንደ ነበረ ያሳያል።

በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ በአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስንዱ በልጅነታቸው የተማሩባት ስዊዘርላንድ የዴሞክራሲ አብነት ተደርጋ ስትጠቀስ የኖረች አገር ናት፤ ሆኖም ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የተፈቀደላቸው በ1963 ዓ.ም. ነው። መምህርቷ የተማሩበት አገር ሴቶች መምረጥ ሳይጀምሩ፣ እርሳቸው በራሳቸው አገር ተመርጠው ሸንጎ ተቀምጠው ነበር።

የምክር ቤቱ ሥልጣን ግን ውስን ነበር። ረቂቅ ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ይጠብቃል፤ ሚኒስትሮቹን የሚሾሙትና የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንደራሴ ሊያደርግ የሚችለው ረቂቁን ማንበብ፣ መጠየቅ፣ መከራከርና ድምፅ መስጠት ነበር። ወይዘሮ ስንዱም በዚህ በተሰጠው ቦታ ለሴቶች እኩልነት ተሟግተዋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ

የወይዘሮ ስንዱ የምክር ቤት ዘመን የኢትዮጵያ ሕግ እንደ አዲስ ከተጻፈበት ዘመን ጋር የገጠመ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የሕግ ኮሚሲዮን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ፍትሐ ነገሥትንና የየአገሩን ልማድ የሚተኩ ሕጎች በተከታታይ ተረቀቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። 3367 አንቀጾች ያሉት ይህ ግዙፍ ሕግ ሰው ከመወለዱ እስከ መሞቱ ያለውን ነገር ሁሉ የሚነካ ነው።

ለሴቶች ይህ ሕግ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወራሽ ወንድ ይሁን ሴት በውርስ መብቱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በግልጽ ደንግጓል፤ ልጆችም እኩል ይወርሳሉ። ባል የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሚስቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ከልክሏል። በሌላ በኩል ግን ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ። የጋራ ንብረትን የማስተዳደር ሥልጣን፣ የመኖሪያውንም ቦታ የመምረጥ መብት ለባል ሰጠ። ለጋብቻ የሚፈቀደው ዕድሜ ለወንድ አሥራ ስምንት ሲሆን ለሴት አሥራ አምስት ሆነ።

ይህ የሦስት ዓመት ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በትምህርት ቤት መዝገብ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን አልጨረሰችም፤ በገጠር ከሆነችማ አንደኛ ደረጃውንም ላትጨርስ ትችላለች። ስለዚህ ሕጉ ልጅቱን ከአባቷ ቤት በቀጥታ ወደ ባሏ ቤት እንድትሻገር ፈቀደ፤ በመካከል በራሷ የምትቆምበትን ጊዜ አልሰጣትም። የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ እንደራሴ በዚህ ነጥብ ላይ ዝም ሊሉ አይችሉም ነበር።

ክርክሩ በድምፅ ብዛት ለእኩልነት አልተፈታም፤ የባል ራስነት በሕጉ ውስጥ ቀረ። ይህን እንደ ሽንፈት ብቻ መቁጠር ግን ትክክል አይሆንም። ከዚያ በፊት የባል የበላይነት ክርክር የማያስፈልገው ልማድ ነበር። በምክር ቤት ተነሥቶ፣ ተቃውሞ ገጥሞት፣ በአንቀጽ ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ግን ሊሻር የሚችል ድንጋጌ ሆነ። ያልተጻፈን ነገር መሻር አይቻልም፤ የተጻፈ ግን ቀን ሲደርስ ይሰረዛል።

በጀውሃ የነበረው ሁኔታ

ሕጉ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ምን ገጠመው? አገሩ ሞቃት ነው። ከደጋው የሚወርዱት እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራሉ። ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት ይበቅልበታል፤ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ትምባሆም ይለማ ነበር። በስተ ምሥራቅ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ያሰማራል። አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አገሩ ጥንታዊው የይፋት ሱልጣኔት የነበረበት በመሆኑ እስልምና ከሥረ መሠረቱ የጸና ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት እዚህ ላይ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የእስላሞችን የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ የሚያዩ የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች ታውቀው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲረቀቅ ስለ እስላሞች ጋብቻ ልዩ ክፍል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሆኖም በመጨረሻው ሕግ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። የቀድሞውን ሁሉ ይሽራል የተባለው ሕግና ሥራቸውን የቀጠሉት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ኖሩ። በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ትወርሳለች፤ በፍትሐ ብሔር እኩል ትወርሳለች። በጀውሃ ያለች ሴት በየትኛው ሕግ ትዳኝ እንደ ነበር የሚወስነው ብዙ ጊዜ የአንቀጽ ቁጥር ሳይሆን ቅርበት ነው፤ ቃዲውና የአገር ሽማግሌው በአጠገቧ ሲሆኑ ከፍ ያለው የመንግሥት ፍርድ ቤት ግን ሩቅ ነው።

ክርስቲያኗም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀችም። ሕጉ የባልና ሚስትን ጠብ አስቀድሞ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይመራ ነበርና፣ ሴቲቱ የምትሟገተው እዚያው ጎጆዋ አጠገብ፣ በሚያውቋትና በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ያስታርቃል፤ ማስታረቅ ግን ሁልጊዜ መብት ማስከበር አይደለም።

ሁለተኛው እንቅፋት መሬት ነበር። በውርስ እኩል መሆን ዋጋ የሚኖረው የሚወረስ ነገር ሲኖር ነው። ለጢሰኛ ቤተሰብ ልጅ በ1953 ዓ.ም. የጸናው የውርስ እኩልነት ባዶ ማሰሮን እኩል እንደ መካፈል ነበር። የመሬት ይዞታና የጢሰኞች ኪራይ ረቂቅ ሕግ በኋለኞቹ ዓመታት ለፓርላማው ቀርቦ ብዙ ከተጓተተ በኋላ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ ወጥተው በጀርመን በቦን በኢትዮጵያ ኤምባሲ በባሕል አታሼነት ያገለግሉ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ በበረታ ጊዜ በዚሁ የደሴ መንገድ ወደ ደቡብ የተሰደደው ሕዝብ፣ ምክር ቤቱ ያልፈታው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር በእግሩ መሰከረ። ፓርላማውም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አብሮ ተዘጋ።

መሬት፣ ሕገ መንግሥትና አዲስ የቤተሰብ ሕግ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ያለ ጾታ ልዩነት በግሉ ለሚያርስ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ቃሉ ግልጽ ነበር። ነገር ግን በገበሬ ማኅበራት መዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ሆነ። ባል በሞተ ወይም በፈታ ጊዜ ሚስት ስሟ የሌለበትን መሬት ለማስቀረት እንደገና ሙግት ትገባ ነበር። የባል ራስነት ከሕጉ መጽሐፍ ወጥቶ በመዝገብ ጸሐፊው ብዕር ቀጠለ ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሴቶች በጋብቻ ውስጥ፣ በፍቺም ጊዜ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ፤ ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑም በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቀደ። ከዚያም በሰኔ 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። የባል ራስነትና የሚስት ታዛዥነት ተሰረዙ፤ የጋራ ንብረትን ሁለቱም እንዲያስተዳድሩ፣ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም አሥራ ስምንት እንዲሆን ተደረገ። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ክርክር አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ አዋጅ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ጀውሃ ያለች ባለትዳር የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ሦስት ዓመት ጠበቀች። ሕጉ አሁንም በዚያው መንገድ ዘግይቶ ወረደ።

ይልቅ በይፋት ቆላ ኑሮ ላይ በዓይን የሚታየውን ለውጥ ያመጣው ከቤተሰብ ሕጉ ጋር በአንድ ወቅት የተጀመረው የመሬት ምዝገባ ነው ማለት ይቻላል። በአማራ ክልል ለገበሬዎች በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ይለጠፋል። ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ የራሷን ፊት በመሬቷ ደብተር ላይ ታውቃለች። በ1952 ዓ.ም. በምክር ቤት የተሸነፈው ሐሳብ በዚህች ትንሽ ደብተር ውስጥ ሰፍሯል።

መደምደሚያ

ወይዘሮ ስንዱ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ረጅም ዕድሜያቸው ለጥቂት ሕግ አውጪዎች ብቻ የሚደርስ ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ በወጣበት ጊዜ የምክር ቤት አባል የነበሩበት ሕግ በሕይወት እያሉ ሲሻር አይተዋል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 212ቱን ሴቶች ያዙ። ይህን ቁጥር ግን እርሳቸው ለማየት አልደረሱም።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን የሚተርፈው ነገር ከሁሉ በፊት የሥራን ተያያዥነት ማስተዋል ነው። መምህርት ከክፍሏ ያየችውን ችግር ወደ ሸንጎ ወሰደች፤ ሸንጎው ግማሹን ሰጣት፣ ግማሹን ነፈጋት፤ የቀረው በሌሎች እጅ ከአርባ ዓመት በኋላ ተፈጸመ። አሁንም ቢሆን አሥራ ስምንት ዓመት የሚለው ቃል በራሱ አይሠራም። የልጅቱን ዕድሜ ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። በጀውሃ አካባቢ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስትጠፋ ስሟን ጠርቶ «የት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ካለ ሕጉ እዚያ ደርሷል፤ ከሌለ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።